ከልምሻ ጋር ማርጀት፦ ድኅረ ፖሊዮ ሕመም በእንጦጦ ተዳፋት

የልጅነት ልምሻ (ፖሊዮ) ጡንቻን የሚያንቀሳቅሱ የኅብለ ሰረሰር ነርቮችን ይገድላል። የተረፉት ነርቮች ቅርንጫፍ አውጥተው አዛዥ ያጡትን የጡንቻ ክሮች ይረከባሉ፤ ብዙ ልጆች ከወራት በኋላ ቆመው መሄድ የሚችሉት በዚህ ነው። ለአሥርተ ዓመታት ደርበው የሠሩት ነርቮች ግን በኋላ ቅርንጫፎቻቸውን መሸከም ሊያቅታቸው ይችላል። ከመጀመሪያው ሕመም ቢያንስ 15 ዓመት፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ ቆይቶ አዲስ የጡንቻ መስነፍ፣ ከባድ ድካምና የመገጣጠሚያ ሕመም ሊከተል ይችላል፤ ድኅረ ፖሊዮ ሕመም የሚባለው ይህ ነው። ቫይረሱ ተመልሶ አይደለም፤ ወደ ሌላ ሰውም አይተላለፍም።

በኢትዮጵያ መደበኛ የክትባት መርሐ ግብር የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት፣ ክትባቱ ባልተዳረሰባቸው አካባቢዎች ደግሞ ከዚያም በኋላ፣ በልምሻ የተያዙ ልጆች ዛሬ ጎልማሶችና አዛውንት ናቸው። አፍሪካ ከዱር ፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኗ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ሲታወጅ የተዘጋው የዱር ቫይረሱ አዲስ ሕሙማን መዝገብ እንጂ የእነዚህ ሰዎች ጉዳይ አልነበረም።

በእንጦጦ ተዳፋት ለሚኖሩት ደግሞ ኑሮው ይበልጥ ይከብዳል። እንጦጦ ማርያም 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዱም ዳገቱም ለዚህ ሕመም አይመችም። ልምሻ የመታው እግር ሙቀቱን በወጉ አይጠብቅም፤ ሲበርደው ይጠቁራል፣ ያለችውም ጉልበት ትቀንሳለች። የጭኑ ጡንቻ የሰነፈ ሰው በየእርምጃው በእጁ ጭኑን ተጭኖ ጉልበቱ እንዳይከዳው ይይዛል። በክረምት ጭቃ ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ ይህ አያያዝ ይፈተናል፤ ከወደቀም አጥንቱ በቀላሉ ይሰበራል፣ የማይሠራ እግር አጥንት ይሳሳልና። ክራንች የሚይዘው ሰው እግሩን ያሳረፈው በትከሻውና በእጅ አንጓው ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ የሚታመሙትም እነዚሁ ናቸው። ተሽከርካሪ ወንበር ትከሻን ያሳርፋል፤ በዳገት ላይ ግን ገፊ ይፈልጋል። ዕድሜውን ሙሉ የሰው እጅ ላለማየት የታገለ ሰው ይህን በቀላሉ አይቀበለውም፤ ብዙውም ቤት መዋልን ይመርጣል። ከዚያ ብቸኝነት፣ ውፍረትና የደም ግፊት ሊከተሉ ይችላሉ።

በጤና ተቋማት ትልቁ ስሕተት ሁሉንም «እርጅና ነው» ብሎ ማለፍ ነው። ሕመሙን ለብቻው የሚያረጋግጥ ምርመራ የለም፤ የሚታወቀው የደም ማነስን፣ የእንቅርት ዕጢ ችግርንና የዲስክ መንሸራተትን የመሳሰሉትን ለይቶ በማስወጣት ነው። «በርትተህ ተንቀሳቀስ» የሚለው የተለመደ ምክርም ሊጎዳ ይችላል። የሰነፈ ጡንቻ እስኪዝል ሲሠራ አቅሙ ይወርዳልና፣ ልኩን የጠበቀ እንቅስቃሴ ከዕረፍት ጋር ይሻለዋል። ሙቅ ልብስና በልክ የተሠራ የእግር ድጋፍም ይረዳሉ። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው የልምሻ ታሪኩን ለማደንዘዣ ባለሙያው መንገር አለበት፤ መተንፈሻው ሊደክምና ለመንቃትም ሊዘገይ ይችላል።

በእንጦጦ ጸበል የሚጠመቁ አካል ጉዳተኞችም አሉ። እምነቱና ሕክምናው የግድ አይጋጩም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒትን ከጸበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል መናገራቸው ለዚህ ጥሩ አብነት ነው። ልምሻ ላለበት ሰው የሚያሳስበው የውኃው ቅዝቃዜና የመውረጃው ተዳፋት ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአካል ጉዳተኞችን የሥራ መብት ይደነግጋል፤ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ተደራሽ እንዲሆኑ ጠይቋል። ጡረታ ግን የሚከተለው ደመወዝተኛን ነው። ሎተሪ በማዞር፣ ጫማ በመጥረግ ወይም በመለመን ኑሮውን የገፋ ሰው ትከሻው ሲደክም ገቢውም አብሮ ይቆማል፤ የሚጠብቀውም የቤተሰብና የዕድር ድጋፍ፣ ከተመረጠም የከተማ ሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ ነው።