ከሒሳብ መምህርነት ወደ ታሪክ ተማሪነት

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት አንዱን ጉባኤ ፈጽሞ ወደ ሌላው መሄድ የቆየ ልማድ ነው። በቤተ ልሔም ድጓ ያስመሰከረ መሪጌታ ቅኔ ፍለጋ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ ሲወርድ፣ በቅኔው መምህር ፊት እንደ ጀማሪ ይቀመጣል እንጂ የቀድሞ ማዕርጉን አይቆጥርም። በዘመናዊው ትምህርት ግን ተመርቆ ሥራ የያዘ ሰው ሌላ ትምህርት ልጀምር ሲል፣ ያለፈው ድካሙ ከንቱ ቀረ የሚሉት ብዙዎች ናቸው። ለዚህ አሳብ መልስ የሚሆን ታሪክ በኬንያ ይገኛል።

ቤትዌል ኦጎት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1929 ዓ.ም. በምዕራብ ኬንያ ተወለዱ (ከዚህ በታችም ዘመኑ እንዲሁ ነው)። በዩጋንዳ በማከሬሬ ኮሌጅ ከተማሩ በኋላ፣ ከናይሮቢ አጠገብ በኪኩዩ በሚገኘው በአልያንስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። ትምህርት ቤቱ በአገሩ ስመ ጥር ስለ ሆነ ሥራው የተከበረ ነበረ። ይሁን እንጂ በ1955፣ ኬንያ በአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሥር ሳለች፣ ሥራቸውን ትተው ወደ ስኮትላንድ ተሻገሩ፤ በሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲም ታሪክ ተምረው በ1959 ተመረቁ።

ቀጥሎ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ጥናታቸው የመረጡት የደቡብ ሉዎ ሕዝብን ታሪክ ነው። ለጥንቱ ዘመን የተጻፈ መዝገብ ስላልነበረ፣ ዋናው ምስክር የሽማግሌዎች ቃልና የትውልድ ሐረግ ነበረ። በዚያን ጊዜ የቃል ታሪክን እንደ ማስረጃ የማይቀበሉ ሊቃውንት ብዙዎች ነበሩ፤ የኦክስፎርዱ ፕሮፌሰር ሂዩ ትሬቨር ሮፐርም በ1963 ስለ አፍሪቃ የሚነገር ታሪክ ቢኖር የአውሮፓውያን ሥራ ብቻ ነው የሚል አሳብ አሰምተው ነበር።

ኦጎት ግን የሽማግሌዎችን ቃል ሰበሰቡ። የአንዱን ጎሣ ሐረግ ከሌላው ጋር ማስተያየት፣ ትውልድ ቈጥሮም ዘመንን መገመት፣ የቍጥርን ሥርዓት ለለመደ አእምሮ እንግዳ ሥራ አይደለም። ስለዚህ የቀድሞው ትምህርት ባከነ ማለት አይቻልም። ከ1500 እስከ 1900 የነበረውን የሉዎ ፍልሰትና አሰፋፈር የሚያስረዳው መጽሐፋቸው በ1967 በናይሮቢ ታተመ። የጋምቤላ አኝዋኮች ከሉዎ ጋር በቋንቋ ስለሚዛመዱ፣ ነገሩ ለኢትዮጵያም ቅርብ ነው።

እኒሁ ሰው፣ በ1970 የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ በተባለው ኮሌጅ የታሪክን ክፍል መሩ፤ ዩኔስኮ ካሳተመው የአፍሪቃ ጠቅላላ ታሪክ አምስተኛውን ቅጽ አዘጋጅተው በ1992 አወጡ፤ በ2025ም በ95 ዓመታቸው ዐረፉ።

አንድ ጥሩ መምህር ለትምህርት ሲሄድ ክፍሉ ባዶ እንደሚቀር፣ ተተኪ ፍለጋም እንደሚያስቸግር የትምህርት ቤት ሹማምንት ያውቃሉ። ጉዳቱ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ፈቃድ ጠያቂው መምህር ፊታቸው በቆመ ጊዜ፣ ይህንም ሂሳብ ውስጥ ማግባት ይገባል፤ አልያንስ አንድ የሒሳብ መምህር ቢያጣ፣ አፍሪቃ የታሪክ ጸሐፊ አግኝታለች።