አሶሳ፣ ዋዛ እና የሩጫ ደስታ

የኢትዮጵያ ሩጫ ታሪክ የሚጻፈው በሜዳሊያ ነው። ከሮም እስከ ሲድኒ፣ ከቦቆጂ እስከ እንጦጦ የምንሰማው ስለ ጽናትና ስለ ድል ነው፤ የሚሮጠው ሰው ሲሮጥ ደስ ይለው እንደሆነ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። ለሻምፒዮን ጥያቄው ላያስፈልገው ይችላል፣ እንጀራው ነውና። ለመምህሩ፣ ለነጋዴውና ለቢሮ ሠራተኛው ግን ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው፤ ደስ የማይል ነገር ሁለተኛ ሳምንት አይዘልቅምና። መልሱን መፈለግ ያለብን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ቦቆጂ ሳይሆን፣ በ1,570 ሜትር ገደማ ከፍታ ሙቀቱን ተሸክማ ከተቀመጠችውና በሯጭ ከማትታወቀው አሶሳ ነው እላለሁ። ምክንያቴም በአካባቢው የሚኖሩት የበርታዎች ዋዛ ነው።

ዋዛ ቅል በቅል ላይ እየተሰካ የሚሠራ የትንፋሽ መሣሪያ ነው፤ ረጅሙ ከነፊው ቁመት ይስተካከላል፣ አንዳንዴም ይበልጣል። አንዱ ዋዛ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ስለዚህ ለብቻው የሚነፋ ሰው ዜማ የለውም። ዜማው የሚገኘው አሥርና ከዚያ በላይ ነፊዎች ተሰልፈው፣ እያንዳንዱ ተራውን ጠብቆ የራሱን ድምፅ ሲያስገባና ለጎረቤቱ ሲለቅ ነው። ነፊዎቹ ደግሞ አንድ ቦታ ተተክለው አይነፉም። ምቱን በእግራቸው እየረገጡ ክብ ሠርተው ይዞራሉ፣ ሴቶቹ እየዘፈኑ ይቀላቀላሉ፣ ተመልካች የነበረውም ሳያውቀው ከዙሩ ውስጥ ይገባል። ልማዱ ከአዝመራ መሰብሰብ ጋር የተያያዘ ነው። በ1902 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የድንበር ውል በርታዎችን ለኢትዮጵያና ለሱዳን ቢያከፋፍልም ዋዛው በሁለቱም ወገን ቀጥሏል፤ ጀርመናዊው የሙዚቃ ተመራማሪ አርቱር ሲሞን በሱዳን በኩል ካሉት በርታዎች ቀድቶ ያሳተመው የአሶሳ ሰው ሲሰማው የሚያውቀው ነው።

የዚህን ጭፈራ ክብደት ለመረዳት በዚያ ምድር መሮጥ ምን ማለት እንደነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1821 እ.ኤ.አ. የግብፁ ገዢ የመሐመድ አሊ ልጅ ኢስማኢል ፓሻ ሱዳንን ወርሮ ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ወደ ፋዙግሊና ከዚያም በላይ ዘለቀ፤ ካዮ የተባለ ፈረንሳዊ ተጓዥም አብሮት ሄዶ ያየውን ጽፏል። ከዚያ በኋላ ያለው ክፍለ ዘመን ለበርታዎችም ሆነ ለጉሙዞች የወረራ ዘመን ነበር። በ1890 ዓ.ም. የራስ መኮንን ጦር አካባቢውን ለምኒልክ ካስገበረ በኋላም የወርቁ ግብርና የባሪያው ንግድ በአካባቢው ገዢ በሼክ ሆጀሌ ዘመን አልቆመም። አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ ስለዚሁ ምድር፣ ስለ ቤላ ሻንጉል፣ በ1981 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ እስከ ምኒልክ ጦር መምጣት ያለውን ዘመን በዝርዝር ያሳያል። በርታዎች በድንጋያማ ኮረብታዎች ላይ መስፈራቸው መሸሸጊያ ፍለጋ ጭምር ነበር። እንግዲህ እግር የሚፈጥነው ነፍስን ለማዳን በነበረበት አገር፣ ያው እግር በአዝመራ ጊዜ ለደስታ ይደክም ነበር። ጡንቻው አንድ ነው፣ ላቡም አንድ ነው። የተለወጠው ከማን ጋር እንደሚደክምና ድካሙ ምን ድምፅ እንደሚያወጣ ብቻ ነው።

ድካም በሚያወጣው ድምፅና በአብሮነት ይቀልላል ማለት የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። በ2013 እ.ኤ.አ. ቶማስ ፍሪትዝ የተባለ የላይፕዚግ ተመራማሪና ባልደረቦቹ የስፖርት ማሽኖችን እንቅስቃሴው ራሱ ሙዚቃ እንዲያወጣ አድርገው ሰዎችን ፈተኑ። ሙዚቃውን በጉልበታቸው የፈጠሩት፣ የተቀዳ ሙዚቃ እያዳመጡ ከሠሩት ያነሰ ድካም ተሰማቸው። ቀደም ሲል በኦክስፎርድ በቀዛፊዎች ላይ በተደረገ ጥናትም አብረው በአንድ ምት የቀዘፉት ብቻቸውን ከቀዘፉት ይልቅ ሕመምን የመቻል አቅማቸው ጨምሮ ተገኝቷል። የዋዛ ነፊ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ያደርጋል፤ ድምፁን ራሱ ያወጣል፣ ከጎረቤቱም ጋር ይረግጣል። ዛሬ ሩጫን ለማጣፈጥ ብለን ጆሯችን ላይ የምንሰካው ማዳመጫ በዚህ መለኪያ ሲታይ ግማሽ መፍትሔ ነው፤ ምቱን ይሰጣል፣ ጎረቤትን ይወስዳል። የታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ምስጢርም እዚሁ ላይ ይመስለኛል። በ1994 ዓ.ም. በ10,000 ተሳታፊዎች ሲጀመር ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ራሱ ሮጦ አሸነፈ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሕዝቡን በየዓመቱ የሚጠራው የአሸናፊው ሰዓት አይደለም። አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሰ ሕዝብ እየዘፈነ፣ እየጨፈረ፣ ሲደክመው እየተራመደ 10 ኪሎ ሜትር ይጨርሳል። ማን አንደኛ እንደወጣ ሳያውቅ ቤቱ የሚገባው ብዙ ነው።

ዋዛ ጭፈራ እንጂ ሩጫ አይደለም የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ያን ቅል ተሸክሞ አሥር ኪሎ ሜትር የሚሮጥ የለም፣ እኔም ዋዛ የሩጫ ዓይነት ነበር አላልኩም። ያልኩት ዋዛ እግርን ለረጅም ሰዓት ያለ ምሬት የማንቀሳቀስ ጥበብ ነው፣ ሩጫ የጎደለውም ይህ ጥበብ ነው። ጠንካራው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው። ትልቅ ሯጭ የሚሮጠው ዝም ብሎ፣ ትንፋሹን እያዳመጠ ነው፤ ዘፈን ትንፋሽ ያባክናል ይባላል። ለውድድር ሯጭ ይህ በአብዛኛው እውነት ነው፣ ሆኖም እሱ ጋ እንኳ ሙሉ አይደለም። ኃይሌ በየካቲት 1990 ዓ.ም. በርሚንግሃም ላይ የ2,000 ሜትርን የአዳራሽ ውስጥ የዓለም ክብረ ወሰን በ4 ደቂቃ ከ52.86 ሰከንድ ሲሰብር፣ እሱ ራሱ ያስመረጠው «ስካትማን» የተባለ ፈጣን ዘፈን ይሰማ ነበር። ለተራው ሯጭ ደግሞ እየዘፈኑ መሮጥ ፍጥነትን መቀነሱ ጥቅም ነው። ብዙው ጀማሪ ሩጫን የሚጠላው ከአቅሙ በላይ ስለሚፈጥን ነውና፣ መዝፈን ያቃተው ሰው ፍጥነቱን እንዲቀንስ የሚነግረው አሠልጣኝ አያስፈልገውም።

የቀረው ዋዛን ወደ ሩጫ ማምጣት ባህሉን ማርከስ ነው የሚለው ስጋት ነው፤ ይህን አላቃልለውም። በወቅቱ የሚነፋን ዋዛ በየስብሰባው ለእንግዳ መቀበያ ማሰለፍ ነፊውን ጌጥ ያደርገዋል፤ በየመድረኩ የምናየው የብሔረሰብ ትርኢት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። መፍትሔው ዋዛን ከመንገድ ማራቅ ሳይሆን በጊዜው መጥራት ነው። ማሽላ የሚሰበሰብበት ወቅት አየሩም ለሩጫ የሚሻልበት ነው። ስለዚህ በአሶሳ የሕዝብ ሩጫ ለማዘጋጀት የምታስቡ ሁሉ፣ ከኅዳር በኋላ አድርጉት፤ ርቀቱን ከአምስት ኪሎ ሜትር አታሳልፉት፤ ፀሐይ ሳይበረታ አስጀምሩ። ሯጩ በሰፈርና በመሥሪያ ቤት ተቧድኖ እየተቀባበለ እየዘፈነ ይሩጥ። ዋዛውን መድረክ ላይ አትስቀሉት፣ መጨረሻው መስመር ላይ ክብ ሠርቶ ይጠብቅ፣ የደረሰ ሁሉ ይግባበት። ለነፊዎቹም እንደ ማንኛውም ባለሙያ ክፈሏቸው።