ስለ ትሕትናና ስለ ጭንቀት፤ የራስ መኰንን የቁልቢ ስእለት

ሐተታ በ1ኛ ጴጥሮስ ምዕራፍ 5 ቍጥር 6 እና 7

የሐዋርያው የቅዱስ ጴጥሮስ የመጀመሪያይቱ መልእክት በጳንጦስ፥ በገላትያ፥ በቀጰዶቅያ፥ በእስያና በቢታንያ ለተበተኑ ምእመናን የተጻፈች ናት። እነዚህ ሰዎች በሚኖሩበት አገር እንደ እንግዳ የሚታዩ፥ በጎረቤት የሚታሙ፥ ነገ ምን እንደሚያገኛቸው የማያውቁ ነበሩ። ሐዋርያውም በቍጥር 6 ከእግዚአብሔር ኀይል በታች እንዲዋረዱ ይመክራቸዋል፤ በቍጥር 7 ደግሞ የሚያስጨንቃቸውን ነገር ከራሳቸው አንሥተው ለእርሱ እንዲሰጡ ይነግራቸዋል፤ ምክንያቱም የእግዚአብሔር አሳቢነት ነው።

ብዙ አንባቢ ሁለቱን ቍጥሮች እንደ ሁለት ትእዛዝ ይቈጥራቸዋል፤ በፊት ትሕትናን፥ ኋላም መታመንን ያዘዘ ይመስለዋል። በጽርእ ቋንቋ ግን የነገሩ አገባብ እንዲህ አይደለም። ትእዛዙ አንድ ነው፤ እርሱም መዋረድ ነው፤ መጣል የሚለው ቃል ከዚሁ ጋራ ተያይዞ የመዋረዱን መንገድ ያሳያል። እንግዲህ ሰው የሚዋረደው ሸክሙን ሲያወርድ ነው። ሁሉን በገዛ ክንዱ ለመያዝ የሚደክም ሰው፥ ምንም እንኳ አንገቱን ቢደፋ፥ በልቡ የእግዚአብሔርን ስፍራ ይዟል። ይህን መናገር ግን የታመመውንና የተራበውን ሰው ስለ ጭንቀቱ ለመውቀስ አይደለም፤ ሐዋርያው ጭንቀት የለም አላለምና። የሚጣል ነገር መኖሩን ሳያምን መጣልን ባላዘዘም ነበር። ቃሉንም ያመጣው ከመዝሙረ ዳዊት፥ በግዕዙ አቈጣጠር ከ54ኛው መዝሙር ነው፤ ያም መዝሙር የገዛ ወዳጁ የከዳው ሰው ጩኸት ነው።

የዚህ ቃል ምሳሌ በሐረር ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ሐረር በሥጋት የኖረችበት ዘመን ብዙ ነው። ጀጎል የሚባለው ቅጥሯ በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን የተሠራው ከውጭ የሚመጣውን ጦር በመፍራት ነበር፤ አምስቱ በሮቿም ሲመሽ ይዘጉ ነበር። ነገር ግን በ1868 ዓ.ም. የግብጽ ጦር ገባባት፤ እርሱም በ1877 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ፥ በ1879 ዓ.ም. በልደት ዋዜማ፥ አሚር አብዱላሂ ጨለንቆ ላይ ከንጉሥ ምኒልክ ጦር ጋራ ተዋግተው ድል ሆኑ፤ ከተማይቱም ተያዘች። ያ ቀን ለከተማይቱ ልጆች የኀዘን ቀን ነበረ፤ በድል አድራጊው ወገን የሚጽፍ ሁሉ ይህን ሊረሳ አይገባውም። የግንቡ ነገር ግን ግልጽ ነው፤ ሥጋትን ከውጭ ለማስቀረት ተሠራ፥ ሥጋትም ከበሩ ገባ።

ከተማይቱን እንዲገዙ የተሾሙት በኋላ ራስ የተባሉት መኰንን ወልደ ሚካኤል ነበሩ። በዚያ ጊዜ ዕድሜያቸው 34 ዓመት ያህል ነበረ። ለንጉሥ ምኒልክ የአክስት ልጅ ናቸው፤ እናታቸው ወይዘሮ ተናኘወርቅ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ነበሩና። ስለ እርሳቸው የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ጀግንነታቸውንና ብልኀታቸውን ያነሣሉ፤ የተሸከሙትን ጭንቀት ግን ጥቂቶች ናቸው የሚያስተውሉት።

ጭንቀቱም የመጣው ከውጫሌ ውል ነው። ውሉ በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ፥ ደጃዝማች መኰንን የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው ወደ ኢጣሊያ ሄዱ፤ በመስከረም 1882 ዓ.ም. ደግሞ ኔፕልስ በምትባለው ከተማ ተጨማሪውን ውል ፈረሙ። በዚህም ውል የ4,000,000 ሊሬ ብድር ነበረበት፤ የብድሩም መያዣ የሐረር የጉምሩክ ገቢ ሆነ። እንዲህ ሆኖ የሚገዟት ከተማ በገዛ ፊርማቸው መያዣ ሆነች። ወዲያው የ17ኛው ክፍል ጠንቅ ተገለጠ፤ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋራ ለሚያደርጉት ጕዳይ በኢጣሊያ መንግሥት መጠቀም ይቻላቸዋል የሚለው፥ በኢጣሊያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኘ። ምንም እንኳ ይህን ክፍል የጻፉት ደጃዝማች መኰንን ባይሆኑ፥ ባሕር ተሻግረው በንጉሡ በኡምቤርቶ ፊት የቆሙ፥ ስማቸውም ከነገሩ ጋራ የተያያዘ እርሳቸው ነበሩ። ብድሩ ተከፈለ፤ ዐፄ ምኒልክም በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ፤ ሰው በልቡ የሚይዘው ነገር ግን እንደ ብድር ተከፍሎ አያልቅም። ለሰላም ብሎ የሄደ ሰው የጦርነት ምክንያት ሲከተለው ከማየት የሚበልጥ ጭንቀት ለአንድ ሹም ምን አለ?

በ1888 ዓ.ም. መጀመሪያ የክተት አዋጅ በታወጀ ጊዜ፥ ራስ መኰንን የሐረርጌን ጦር አስከትለው ወደ ሰሜን ተነሡ። መንገዱም በቁልቢ በኩል ያልፋል፤ ቁልቢ ከሐረር ወደ ምዕራብ፥ ወደ ጨርጨር በሚወስደው ደጋ ላይ፥ ጨለንቆ አጠገብ ያለች ስፍራ ናት። ሲነገር እንደ ቆየው ራስ መኰንን በዚያ ዐርፈው ወደ መልአኩ ወደ ቅዱስ ገብርኤል ጸለዩ፤ በድል ቢመለሱም በስሙ ቤተ ክርስቲያን ሊሠሩ ተሳሉ።

በዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ስእለት ከእግዚአብሔር ጋራ የሚደረግ ንግድ አይደለምን? ድል ስጠኝና ቤት ልሥራልህ ማለት ትሕትና ነውን? በእውነቱ እንዲህ የሚሳል ብዙ ሰው አለ፤ የለመነውን ሳያገኝ ሲቀርም እንደ ከሰረ ነጋዴ ይቈጣል። የስእለት ፍርዱ ያለው እንግዲህ በተሳለበት ቃል ሳይሆን ከዚያ በኋላ በሚሆነው ነገር ነው። ራስ መኰንን ጦር ነበራቸው፥ ጠመንጃ ነበራቸው፥ የአውሮፓን ኀይል በዐይናቸው ያዩ ሰው ነበሩ፤ ስለዚህም ከፊታቸው ያለውን ነገር ከሌሎቹ መኳንንት ይልቅ ያውቁ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በመንገድ ዳር ቆሞ ድሉ የእኔ አይደለም ማለቱ፥ ያ ሐዋርያው የሚለው መዋረድ ነው። ልብ ይሏል፤ ስእለቱን ከተሳሉ በኋላ እቤታቸው አልተቀመጡም። ሸክሙን ጣሉ እንጂ ሥራውን አልጣሉም። እነዚህን ሁለቱን የሚያደባልቅ ሰው ስንፍናን እምነት ብሎ ይጠራዋል።

በኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. አምባ አላጌ ላይ ውጊያ ሆነ፤ የኢጣሊያው አዛዥ ሻለቃ ቶዜሊ ወደቀ። ራስ መኰንንም የጠላታቸው ሬሳ በክብር እንዲቀበር አደረጉ። ይህ ትንሽ ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ስሙ የተነካ ሰው ቂሙን የሚወጣው እንዲህ ባለው ቀን ነበር። ፍርዱን ለሌላ አሳልፎ የሰጠ ሰው የበቀል ሥራ ይቀርለታል። ቀጥሎ በመቀሌ ምሽግ ላይ ብዙ ሰው አለቀባቸው፤ ምሽጉ የተለቀቀው ውሃው ከተያዘበት በኋላ በጥር ወር ነው፤ በዚያም በውጊያው ብቻ ሳይሆን በእርቁ ቃል መመላለስ ራስ መኰንን ነበሩበት። የካቲት 23 ቀን ዐድዋ ላይ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል።

ከዘመቻው ሲመለሱ ስእለታቸውን ፈጸሙ፤ የቁልቢ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። ዛሬ የሚታየው ሕንፃ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራው ነው። በዓሉም በዓመት ሁለት ጊዜ፥ በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ቀን ይከበራል፤ ሐምሌ 19 ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ ከፈላው ውሃ የዳኑበት፥ ታኅሣሥ 19 ደግሞ ሠለስቱ ደቂቅ ከእቶን እሳት የዳኑበት መታሰቢያ ነው። ከየአገሩ የሚመጣው ሰው እጅግ ብዙ ነው፤ ከእስላሙም ወገን የሚመጣ አለ። ከተሳላሚዎቹም አንዳንዱ ከባድ ድንጋይ በጀርባው ተሸክሞ አቀበቱን ይወጣል።

ስለ ሠለስቱ ደቂቅ ግን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። በትንቢተ ዳንኤል 3ኛው ምዕራፍ እነዚያ ብላቴኖች ለንጉሡ ሲመልሱ አምላካቸው ሊያድናቸው እንደሚችል ተናገሩ፤ ነገር ግን ባያድናቸውም እንኳ ለምስሉ እንደማይሰግዱ ጨመሩ። መታመን ማለት ይህ ሁለተኛው ቃል ነው። ከእሳት መውጣቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነውና።

የራስ መኰንንም ነገር በዚህ ይመዘናል። በ1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ከሐረር ተነሥተው ሳለ በመንገድ ታመሙ፤ ወደ ቁልቢም ተወሰዱ፤ በመጋቢት 13 ቀን በዚያው ዐረፉ። ከ10 ዓመት በፊት ድል የለመኑበት ስፍራ የሞታቸው ስፍራ ሆነ። ለጦርነቱ የሰማ አምላክ ለሕመማቸው የጠየቁትን አልሰጠም። ከእርሳቸውም በኋላ የሚቀረው ልጅ ተፈሪ ገና የ13 ዓመት ብላቴና ነበረ፤ እናቱ ወይዘሮ የሺመቤት በ1886 ዓ.ም. ሞተዋል። በሞት አልጋ ላይ ላለ አባት ከዚህ የሚከብድ ሐሳብ የለም፤ በዚያ ዘመን አባት የሞተበት የመኰንን ልጅ ምን እንደሚያገኘው የታወቀ ነበርና። ራስ መኰንን ልጃቸውን ለዐፄ ምኒልክ ዐደራ ሰጡ። ጦር ቢኖራቸው፥ ግንብ ቢኖራቸው፥ ሀብት ቢኖራቸው፥ በመጨረሻው ቀን ሊያደርጉት የቻሉት ዐደራ መስጠት ብቻ ነበር፤ ዐደራ መስጠት ደግሞ እጅን መክፈት ነው። ሥጋቸውም ወደ ሐረር ተመልሶ በዚያ ተቀበረ።

ዐደራው ወዲያው አልተፈጸመም። የሐረር ግዛት ለደጃዝማች ተፈሪ ሳይሰጥ ለወንድማቸው ለደጃዝማች ይልማ ተሰጠ፤ እርሳቸውም ብዙ ሳይቈዩ ዐረፉ፤ ቀጥሎ ደጃዝማች ባልቻ ተሾሙ። ደጃዝማች ተፈሪ ወደ አባታቸው ከተማ ገዢ ሆነው የተመለሱት በ1902 ዓ.ም. ነው። ሐዋርያው በቍጥር 6 እግዚአብሔር ከፍ የሚያደርገው በጊዜው መሆኑን የጨመረው በከንቱ አይደለም። ያን ጊዜ መጠበቅ ራሱ የመዋረድ ክፍል ነው፤ ምናልባትም ከሁሉ የሚከብደው ክፍል ይህ ነው።

ደግሞም በግንቦት 30 ቀን 1907 ዓ.ም. ደጃዝማች ተፈሪ ከሐረር አቅራቢያ ባለው በሐረማያ ባሕር ላይ ከአያሌ ሰዎች ጋራ በጀልባ ሲሄዱ ጀልባው ሰጠመ። እርሳቸው ተረፉ፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያስተማሯቸው አባ ሳሙኤል ግን ከሌሎች ጋራ በውሃው ውስጥ ቀሩ። አባ ሳሙኤል በትምህርትና በመልካም ጠባይ የታወቁ ሰው ነበሩ። ደቀ መዝሙሩ ስለ ዳነ መምህሩ አልታመኑም ነበር የሚል ማን ነው? በአንድ ጀልባ፥ በአንድ ሰዓት፥ በአንድ አምላክ ከታመኑት አንዱ ወደ ዳር ወጣ፥ ሌላው አልወጣም። በቍጥር 7 ያለው ምክንያት እግዚአብሔር ያስባል የሚል እንጂ ውሃው አያሰጥምም የሚል አይደለም፤ የሚያስብለትም ሰው ዳር የወጣው ብቻ አይደለም።

ሐዋርያውም ይህን ከተናገረ በኋላ አንባቢው እንዲተኛ አይፈቅድለትም፤ በቍጥር 8 ወዲያው እንዲነቃ ያዝዘዋል፥ የሚበላውን ፈልጎ በሚዞር አንበሳም ጠላትን ይመስላል። በጀጎል ውስጥ ላደገ ሰው ይህ ምሳሌ ሩቅ አይደለም፤ በዚያች ከተማ ሲመሽ ጅቦች በግንቡ ቀዳዳ እየገቡ በጠባቡ መንገድ ይመላለሳሉ፤ ቤተ ሰቡም ድምፃቸውን እየሰማ መብራቱን አጥፍቶ ይተኛል።