ከኢቫር በኋላ የሚከሰቱ ችግሮችና ክትትላቸው

ኢቫር በሆድ ውስጥ የሚያልፈው ትልቁ ደም ቅዳ፣ አኦርታ፣ ግድግዳው ሳስቶ ሲነፋ የሚሰጥ ሕክምና ነው። ሆድ ሳይከፈት፣ በብሽሽት ደም ቅዳ በኩል በጨርቅ የተለበሰ የብረት ቱቦ (ስቴንት ግራፍት) ይገባል። አርጀንቲናዊው ሐኪም ሁዋን ፓሮዲ በቦነስ አይረስ የጀመሩት በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። ቁስሉ ትንሽ፣ ማገገሚያው አጭር ነው። ያበጠው ከረጢት ግን አይወጣም፤ ከቱቦው ውጭ እዚያው ይቀራል፤ አብዛኛው ችግርም ከዚሁ ይመነጫል።

ዋነኛው ኢንዶሊክ ይባላል፤ ደም ወደ ከረጢቱ መልሶ ሲገባ ማለት ነው። ቱቦው ከደም ቅዳው ጋር በሚጣበቅበት ጫፍ (ዓይነት 1) ወይም በተቀደደበትና መገጣጠሚያው በተለያየበት ቦታ (ዓይነት 3) ካፈሰሰ፣ ከረጢቱ ሊፈነዳ ስለሚችል ሳይዘገይ ተጨማሪ ቱቦ ይገባል፤ ካልተቻለ ሆድ ይከፈታል። በብዛት የሚታየው ዓይነት 2 ሲሆን ደሙ ከትናንሽ ቅርንጫፎች ወደ ኋላ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ በራሱ ስለሚዘጋ በክትትል ይታለፋል፤ ከረጢቱ እየሰፋ ከሄደ ግን ቅርንጫፎቹ በካቴተር ይዘጋሉ።

ወደ ታች ለሁለት ከሚከፈለው ቱቦ አንዱ እግር በረጋ ደም ሲደፈን የታካሚው እግር በድንገት ያማል፣ ይቀዘቅዛል፤ ይህ የሰዓታት ጉዳይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚታይ ትኩሳት በአብዛኛው ያልፋል፤ ከወራት በኋላ ከጀርባ ሕመም ጋር የሚመጣ ትኩሳት ግን የቱቦ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል መናቅ የለበትም። ለሲቲ ስካን ምስል የሚወጋው ንጥረ ነገር ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሪያቲኒን አስቀድሞ ይለካል።

በእንግሊዝ የተካሄደው ኢቫር 1 ጥናት የ15 ዓመት ውጤት በ2016 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ኢቫር ከክፍት ቀዶ ሕክምና የተሻለ ነበር፤ ከስምንት ዓመት በኋላ ግን የሞት መጠኑ በለጠ፤ ዋናው ምክንያት የከረጢቱ ዘግይቶ መፈንዳት ነበር። ክትትሉ የዕድሜ ልክ የሆነው ስለዚህ ነው፤ ከወር በኋላ ሲቲ ስካን፣ ከዚያ በየዓመቱ ምርመራ ይደረጋል። ፍሳሽ ካልታየና ከረጢቱ ካልሰፋ አልትራሳውንድ ይበቃል።

በአዲስ አበባ የክትትሉ ጉዳይ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጋር ይያያዛል። ለሕክምና ወደ ሕንድ፣ ታይላንድና ቱርክ የሚሄዱ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው፤ ሕክምናውን ውጭ ያገኘ ሰው ክትትሉ አገር ቤት ይጠብቀዋል። ለዚህ ክትትል በምሥራቁ የከተማ ክፍል፣ በ1997 ዓ.ም. ገርጂ ላይ የተከፈተውን ኮሪያ ሆስፒታል ጨምሮ፣ የግል ሆስፒታሎችና የምርመራ ማዕከላት አሉ። የምስሉ ንባብ ግን ያለ ቀድሞው ምስል ጎዶሎ ነው፤ የከረጢቱ መስፋት የሚታወቀው ከበፊቱ ልኬት ጋር ሲነጻጸር ነውና። ስለዚህ ታካሚው የሲቲ ሲዲውን፣ የቱቦውን ስምና መጠን የያዘውን ካርድ፣ የመውጫ ማጠቃለያውን ይዞ መመለስ አለበት። ድንገተኛ የሆድ ወይም የጀርባ ሕመም ከራስ መሳት ጋር ከመጣ፣ መሄጃው የደም ሥር ቀዶ ሐኪም ያለበት ሆስፒታል እንጂ የምርመራ ማዕከል አይደለም።