ከእንግድነት ወደ ደንበኝነት

በጥንት ዘመን በጎጃም አገር የሚጓዝ ሰው በመንገድ ላይ ምግብ ገዝቼ እበላለሁ ብሎ አያስብም ነበር። በሶና ድርቆሽ ሰንቆ ይነሣል፤ ሲመሽበትም ከአንድ ደጅ ቆሞ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ያለ እንደ ሆነ፣ ባለቤቱ እንደ አቅሙ አብልቶ ያሳድረዋል። እንጀራን በገንዘብ መሸጥ እንደ ነውር ይቈጠር ነበርና። በአዲስ አበባ እንኳ እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ባስከፈቱ ጊዜ ሰው ሁሉ ስላፈረ፣ ዐፄ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው በልተው ዋጋውን ከፈሉ ይባላል።

ቡሬ ግን ከዚያ አስቀድሞ የታወቀች ገበያ ነበረች። በ19ኛው መቶ ዓመት ከዓባይ ማዶ ቡናና የዝሆን ጥርስ፣ እጅግ የሚያሳዝነውም ባሪያ ተብሎ የሚሸጠው ሰው ይመጣባት ነበር፤ ከሰሜን የሚወርደው አሞሌ ጨውም ሸቀጥም ገንዘብም ነበረ። ሆኖም ገበያው ሲፈታ ሜዳው ባዶውን ይቀራል፤ ነጋዴውም ከሰው ቤት ያድራል።

ይህን ልማድ የለወጠው መኪና ነው። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከቡሬ ከወጣ፣ አዲሱም ብር በ1937 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ፣ በጎጃም መንገድ የሚመላለሰው መኪና በቡሬና በፍኖተ ሰላም እየቆመ ሲያልፍ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ጠላ ቤቱ፣ ሱቁና ምግብ ቤቱ እያደር ተበራከተ።

ከዚህ የተገኘው ጥቅም ቀላል አይደለም፤ ባልዋ የሞተባት ሴት በእጅዋ ሙያ ልጆችዋን የምታሳድግበት፣ መንገደኛም የማንንም ፊት ሳያይ የሚበላበት ቤት ተገኘ። ነገር ግን የጥንቱ እንግዳ ስሙ ተለውጦ ደንበኛ ሆነ፤ ደንበኛም የሚታወቀው በኪሱ ነው። ስለዚህ ስምዋ የሰላም መንገድ በሆነው በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ፣ ገንዘብ ያለቀበት መንገደኛ ሲመሽበት ከየትኛው ደጅ እንዲቆም ባለ ምግብ ቤቱ ሁሉ ሊያስብበት ይገባዋል።