ርካሽ ኃይል ያስረሳው ጥበብ

በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ በዋይትዋተር የመምህራን ማሠልጠኛ ያስተምሩ የነበሩት ዋረን ጆንሰን በብርዱ ወራት ትምህርታቸው ይቋረጥባቸው ነበር። የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ክፍል እየገባ ሙቀቱን ያያል፤ ከዚያም ምድር ቤት ወርዶ የሙቅ አየሩን መተላለፊያ ይከፍታል ወይም ይዘጋል። ጆንሰን በ1883 እ.ኤ.አ. መላ አበጁ፤ የክፍሉ ሙቀት ሲለዋወጥ ሠራተኛውን ካለበት በደወል የሚያስጠነቅቅ የኤሌክትሪክ ቴርሞስታት ሠሩ።

ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ማሞቂያው የሚሠራው ክፍሉ ሲፈልግ ነው። ነዳጅና መብራት ሲረክሱ ግን ይህ ተዘነጋ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተገነቡ ብዙ ሕንፃዎች አየሩን በአንድ ልክ ያቀዘቅዙና ለበረዳቸው ክፍሎች መልሰው ያሞቁት ነበር። ለአንድ አየር ሁለቴ ይከፈላል፤ ሒሳቡ ስለማይከብድ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነበር።

በ1973 የነዳጅ ማዕቀብ ሲመጣ ሁሉም ነቃ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ካርተር በ1979 በንግድና በሕዝብ ሕንፃዎች ማሞቂያው ከ18 ዲግሪ ገደማ እንዳያልፍ፣ ማቀዝቀዣውም ከ26 ገደማ እንዳይወርድ አዘዙ። ትእዛዙን በ1981 ተተኪያቸው ሬገን ሻሩት። ከመሐንዲሶች እጅ ያልጠፋ ትምህርት ግን አለ፤ በቅድሚያ ፍላጎትን መቀነስ። ለምሳሌ የማራገቢያ ፍጥነት በአንድ አምስተኛ ሲቀነስ የሚወስደው ኃይል በግማሽ ገደማ ይወርዳል።

በ1931 የተመረቀው የኒውዮርኩ ኤምፓየር ስቴት ሕንፃ በ2009 በተጀመረው ዕድሳት ይህን ትምህርት በቅደም ተከተል ተጠቀመበት። መጀመሪያ 6,514 መስኮቶች እዚያው ሕንፃው ውስጥ ታደሱ፤ ሙቀት መግባቱና መውጣቱ ስለቀነሰ የማቀዝቀዣ ማሽኖቹን በትልልቅ መተካት አላስፈለገም። ከዚያ መቆጣጠሪያዎቹ ዘመኑ፤ ንጹሕ አየርም በሰው ብዛት ልክ እንዲገባ ተደረገ። የዕቅዱ ግብ የኃይል ፍጆታን በ38 በመቶ መቀነስ ነበር።

አሁን ተራው የእኛ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ አየር በነፃ ሲሰጣት፣ ከሰዓት ፀሐይ የሚያግላቸውን የመስታወት ፎቆች እየደረደረች ኤሲ ትገጥምላቸዋለች። በ2025 የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴው ግድብ የሁላችንም ኩራት ነው። ነገር ግን የኃይል መትረፍረፍ ሌሎችን ምን እንዳስረሳቸው አይተናል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንጠብቅ፤ በቅድሚያ ጥላና የሚከፈት መስኮት፣ ቀጥሎ ሰው በሌለበት የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ፣ ምንጊዜም መቆጣጠሪያውን የሚያውቅ ቴክኒሺያን። ዛሬ የምናቆማቸውን ሕንፃዎች ልጆቻችን ይወርሳሉ፤ የሚከፍሉትን የመብራት ሒሳብ ግን ፕላኑን ስናጸድቅ የምንወስነው እኛ ነን።