ክራሩና ቁልፉ፦ ቅኝትን ጠብቆ የማቆየት አጭር ታሪክ

(አጋሮ ከተማ ላይ በቃል የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ ጽሑፍ)



ገለጻዬን በኑዛዜ ልጀምር። የታሪክ ሰው ማስረጃን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። እኔ ግን አንድ ማስረጃ በገዛ እጄ አጥፍቻለሁ።

አጎቴ እዚሁ አጋሮ ውስጥ ለረጅም ዘመን ሲጫወቱበት የኖሩት ባለ ስድስት አውታር ክራር ነበራቸው። ሲያርፉ ክራሩ ወደ እኔ መጣ። አውታሮቹ ከቀንበሩ ጋር የተያያዙት ከአሮጌ ልብስ በተቀደዱ የጨርቅ ጥምጥሞች ነበር። በመጀመሪያው ክረምት ቅኝቱ አልጸና አለኝ፤ ማታ የቃኘሁት ጠዋት ተለውጦ አገኘው ነበር። ስለዚህ ወደ አንድ እንጨት ሠሪ ወሰድሁት፤ ቀንበሩ ተበሳ፤ ስድስት የጊታር መቃኛ ቁልፎች ተገጠሙለት፤ ጨርቆቹም ተጣሉ። ከዓመታት በኋላ አንዲት ተማሪዬ ስለ ክራሩ ስታጠና «ጥምጥሙ ስንት ዙር ነበር? የሚዞረውስ ወደ ተጫዋቹ ነበር ወይስ ከተጫዋቹ ወደ ውጭ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም።

የዛሬው ጥያቄዬ ከዚህ ይነሣል። ክራር የጊታር ቁልፍ ያስፈለገው ለምንድን ነው? የተለመደው መልስ «የጥንቱ መቃኛ ደካማ ስለነበረ» የሚል ነው። እኔም ቀንበሩን ሳስበሳ ያመንሁት ይህንኑ ነበር። ዛሬ ግን ምክንያቱ በአብዛኛው ክራር አብሯቸው የሚጫወት መሣሪያዎች መለወጣቸው ነው ብዬ እከራከራለሁ።

አስቀድመን የጥንቱን አሠራር እንመልከት። የክራር አውታር በአንድ ጫፉ ከገበቴው ግርጌ ይታሰራል፤ በቆዳው ላይ በቆመው በርኩማ ላይ ያልፍና በቀንበሩ ላይ በተጠመጠመ ጨርቅ ወይም ጠፍር ይያዛል። ተጫዋቹ ጥምጥሙን በእጁ ሲያዞር አውታሩ ይጠብቃል ወይም ይላላል። ከዚያ በኋላ አውታሩን ይዞ የሚያቆየው ሰበቃ ብቻ ነው። በገናም አሥር አውታሮቹን በእንጨት መቃኛዎች ሲቃኝ፣ ማሲንቆም ከፈረስ ጭራ የተሠራውን አንድ አውታሩን በአንጓው ላይ በተሰካ አንድ መቃኛ ሲወጥር የሚደገፉት በዚሁ በሰበቃ ነው። ሰበቃ ግን ሁለት ጌታ ያገለግላል። ጠንክሮ ከያዘ ለማስተካከል ያስቸግራል፤ ለእጅ ከተመቸ ደግሞ ይንሸራተታል።

የአየሩ ጠባይ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 በኢትዮጵያ ቆይቶ ስለ ሙዚቃ መሣሪያዎቻችን የጻፈውን ደብዳቤ ቻርለስ በርኒ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው የሙዚቃ ታሪክ ውስጥ እናገኘዋለን። ብሩስ ከጥሬ የበግ ወይም የፍየል ቆዳ በቀጭኑ ተቆርጠው የተገመዱት አውታሮች ቶሎ እንደሚበሰብሱ፣ በደረቅ አየር እንደሚበጠሱ፣ በእርጥብ አየርም ድምፃቸው እጅግ እንደሚደክም መዝግቧል። የአጋሮ ሰው ይህን ለመረዳት ብሩስን ማንበብ አያስፈልገውም። በአልጋ ላይ የደረቀ ቡና በክረምት መጋዘን ውስጥ መልሶ እርጥበት እንደሚስብ ያውቃል። ቆዳና እንጨትም እንደ ቡናው ናቸው። ቆዳው እርጥበት ሲስብ ይላላል፤ በርኩማው ወደ ታች ይሰምጣል፤ የአውታሩ ውጥረት ይቀንሳል፤ ድምፁም ይወርዳል።

የጊታር ቁልፍ ከእነዚህ ችግሮች የሚፈታው አንዱን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በቪየና ይሠራ የነበረው ዮሐን ጌኦርግ ሽታውፈር በጥርስ የሚሠሩ መቃኛዎችን በጊታሮቹ ላይ ይገጥም ነበር። ከእርሱ ዘንድ ሠርቷል የሚባለው ክርስቲያን ፍሬድሪክ ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1833 ወደ አሜሪካ ሲሻገር ይህን ሙያ ይዞ ሄደ። አሠራሩ ቀላል ነው። እንደ ብሎን የተጠረበ ትንሽ ዘንግ በጥርሳም መንኮራኩር ላይ ይነክሳል። ተጫዋቹ ቁልፉን በተለመዱት ሥሪቶች 14 ወይም 18 ጊዜ ሲያዞር አውታሩ የተጠመጠመበት ምሰሶ የሚዞረው አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ እጅግ ረቂቅ ማስተካከያ ይቻላል። ከዚህም በላይ ዘንጉ መንኮራኩሩን ያዞራል እንጂ መንኮራኩሩ ዘንጉን ማዞር አይችልም። አውታሩ የቱንም ያህል ቢስብ ቁልፉ ወደ ኋላ አይመለስም።

ሆኖም የአውታሩ መሳሳብ፣ የቆዳው መላላትና የእንጨቱ መለወጥ ከቁልፉ ሥልጣን ውጭ ናቸው። ጊታር ሠሪዎችም ይህን ያውቁታል። አሜሪካዊው ፍሎይድ ሮዝ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የኤሌክትሪክ ጊታርን አውታር በሁለቱም ጫፍ የሚቆልፍ መሣሪያ የሠራው ቁልፉ ብቻውን ስላልበቃ ነው። የእኔም ክራር በክረምት ዛሬም ይወርዳል፤ ልዩነቱ በቶሎ መመለሱ ነው።

እንግዲህ ቁልፉ ክረምትን ካላሸነፈ ለምን ተፈለገ? ክራር ብቻውን፣ ከአንድ ድምፃዊ ጋር ሲሆን፣ የሚቃኘው በዘፋኙ ድምፅ ልክ ነው። ካሳ ተሰማም ሆነ አስናቀች ወርቁ ክራራቸውን እየመቱ ሲዘፍኑ ዘፋኙና ቃኚው አንድ ሰው ነበር። ስድስቱም አውታሮች እኩል ቢወርዱ በመካከላቸው ያለው ርቀት ስለማይፈርስ ትዝታው ትዝታ፣ ባቲው ባቲ ሆኖ ይቀጥላል። ዘፋኙም በጥቂቱ ዝቅ ብሎ ይዘፍናል።

ሁኔታው የተለወጠው መሣሪያዎች በአንድ መድረክ ሲሰበሰቡ ነው። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ክራርን ወደ ቴአትር አዳራሽ አስገባው። እ.ኤ.አ. በ1963 በሃሊም ኤል-ዳብ የተመሠረተውና በኋላ በተስፋዬ ለማ የተመራው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ክራርን፣ ማሲንቆን፣ በገናንና ዋሽንትን በአንድነት አሰለፈ። ዋሽንት ቀዳዳው አንዴ ከተበሳ ቅኝቱ የተወሰነ ነው፤ ክራሩ ወደ እርሱ መምጣት አለበት። ከአኮርዲዮን ወይም ከኦርጋን ጋር ሲሆን ግዴታው ይጠነክራል። ተመስገን ዘለቀ ለንደን ላይ ክራር ኮሌክቲቭ ከተባለው ቡድኑ ጋር የኤሌክትሪክ ክራር ሲጫወት ለማጉያው የሚመጥን ጽናት ያስፈልገው ነበር። እንዲህ ባለ ማኅበር ውስጥ ጥቂት መውረድ ስሕተት ይሆናል፤ ቁልፉም አስፈላጊ ይሆናል።

ቁልፉን አላወግዝም። ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ መሸጋገር የሚፈልግ ወጣት በዘፈን መካከል አውታሮቹን በፍጥነት ያስተካክላል፤ ይህ ትልቅ ትርፍ ነው። አደጋው ያለው ቁልፉን ተከትሎ በሚመጣው ስልክ ላይ በሚጫን መቃኛ ነው። ያ መሣሪያ ብዙ ጊዜ የሚለካው በፒያኖው እኩል ክፍፍል ነው። የነባር ተጫዋቾቻችን የቅኝት ርቀቶች ግን ከዚያ ክፍፍል ጋር ሁልጊዜ አይገጥሙም፤ ከተጫዋች ተጫዋችም ይለያያሉ። አረንጓዴው መብራት ሲበራ የአንድ አዛውንት ጆሮ የወሰነው ርቀት «ተስተካክሎ» ሊጠፋ ይችላል። ቁልፍ ቅኝትን ይይዛል፤ የትኛው ቅኝት ይያዝ የሚለውን መወሰን ግን የሰው ሥራ ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቼን አንድ ነገር እለምናለሁ። በዚህ በአጋሮም ሆነ በጅማ ዙሪያ ባሉ ከተሞች በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ክራር ብታገኙ ቀንበሩ ከመበሳቱ በፊት ፎቶግራፍ አንሡ። ጥምጥሙን ቁጠሩ፤ አቅጣጫውን መዝግቡ። ባለቤቱ በሕይወት ካሉ በጆሯቸው ይቃኙላችሁና ድምፁን ቅረጹ። ከዚያ በኋላ ቁልፍ ቢገጠም አይከፋም፤ ጨርቁን ግን በፖስታ አድርጋችሁ አስቀምጡ። የእኔ አጎት ጨርቅ ቢኖር ኖሮ ለዚያች ተማሪ ጥያቄ ዛሬ መልስ በሰጠሁ ነበር።